መብራቱ ደክሟል

«ወደ ግራ አድርጊው። አሁን ትንሽ ዝቅ» አለ አባቷ፣ ፊቱን ወደ ጎማው አስጠግቶ። ሻማ አምፖሉን ዝቅ አደረገችው። ከዚህ በላይ ዝቅ ካለ ቅንድቡን ይለበልበዋል።

«መብራቱ ደክሟል» አለ።

ሻማ ቅጽል ስሟ ነው። ከሲታና ረጅም ስለሆነች አባቷ ያወጣላት ሲሆን አሁን እናቷም ሳትቀር ትጠራበታለች። ጋራዡ ከቤታቸው ጀርባ ያለ፣ መስኮት የሌለው የቆርቆሮ ክፍል ነው፤ የመብራት መስመር ደርሶበት አያውቅም። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ በሚገባው ብርሃን ሲሠራ ኖሯል። ዘንድሮ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሻማ ጣሪያው ላይ ሶላር ሰቅላ፣ ከአሮጌ መኪና ከወጣ ባትሪ ጋር አያይዛ ሁለት አምፖል አበራችለት። ሰውየው ደስታውን መደበቅ አቃተው። ጎማ ሊያስነፋ ብቅ ላለው መንገደኛ ሳይቀር ማብሪያ ማጥፊያውን እየተጫነ ያሳይ ነበር።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። መብራቱ ደከመብኝ ማለት ጀመረ። ሻማ ባትሪውን በቴስተር ለካችው፤ ሙሉ ነው። ሦስተኛ አምፖል ጨመረች፤ አሁንም ደክሟል። ግድግዳውን ኖራ ቀባች፤ ደክሟል። አራተኛውን በረጅም ሽቦ ቀጥላ፣ በእጇ ይዛ አጠገቡ መቆም ከጀመረች ወዲህማ ጋራዡ ፎቶ ቤት መስሏል። የእሷን ዓይን እስኪያስለቅስ የሚያበራው ነገር ለእሱ አልበቃ ማለቱ ግራ ገብቷታል። ቢሆንም ጥፋቱን በመብራቱ ማላከክ ይቀላታል፤ መብራት ከተበላሸ ይጠገናል።

ዛሬ በክሪክ የተነሳው ልጆችን ወደ ሕፃናት መዋያ የሚያመላልስ ሚኒባስ ነው። አባቷ የፊት ጎማዎቹን ኩሽኔታ ቀየረ፣ ጎማዎቹን መልሶ ገጠመ፣ መኪናውን ከክሪክ አወረደና እጁን ሊታጠብ ወጣ። ሾፌሩ ልጆቹ ከመለቀቃቸው በፊት ሊወስደው ይመጣል። ሻማ መሬቱን ስትጠርግ አንዲት ቀጭን የታጠፈች ሽቦ ከአቧራው ጋር ወጣች። ኮፒሊያ ናት፣ ገና አዲስ። ጎማውን የያዘው ዳዶ እየዞረ እንዳይፈታ የምትቆልፈው እሷ ናት።

«አባዬ፣ ኮፒሊያዎቹን ሁለቱንም አስገብተሃል?»

«ሳላስገባ እዘጋዋለሁ እንዴ?» አለ ከውጭ።

ሻማ የግራውን ጎማ መሐል ላይ ያለውን ክዳን በካቻቢቴ ፈልቅቃ አየች። ቀዳዳው ባዶ ነው።

አባቷ ሲመለስ አልተከራከረችውም። መኪናውን ግቢው መሐል ድረስ እንግፋውና እዚያ እንየው አለችው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ኮፒሊያዋን እጁ ላይ አኖረችለት፤ ተንበርክኮ ሊያስገባ ሞከረ። የሽቦዋ ጫፍ ዳዶውን ነካ፣ ተንሸራተተ፣ ደግሞ ነካ። ቀዳዳውን በጥፍሩ ሲዳብስ ቆየ። በመጨረሻ ኮፒሊያዋ ከእጁ ወደቀች።

«ዛሬ ደመና ነው» አለ።

ሻማ ቀና ብላ አየች። ሰማዩ ላይ መሐረብ የምታክል ደመና እንኳ የለችም። ያን ጊዜ ፈራች፤ አባቷ አጠገብ ቆማ እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

ዓይኑ ከመቼ ጀምሮ እንደደከመ ጠየቀችው። እሷ መብራቱን ከማስገባቷ በፊት እንደጀመረው፣ ያኔ የጋራዡ ጨለማ መስሎት እንደነበር ነገራት። አምፖሎቹ ሲበሩ ግን ቁርጡን አወቀ። ሐኪም ዘንድ ያልሄደው ሥራህን ተው እንዳይለው ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለእናትሽ እንዳትነግሪያት አላት። ከእንግዲህ እሷ ታይለታለች፣ እሱ ይሠራል፤ ማንም አያውቅም።

ሻማ ኮፒሊያዋን አንስታ አስገባችና ጫፏን በፒንሳ አጠፈችው። የቀኙንም ክዳን ፈልቅቃ አየች፤ ያኛው ደህና ነው። ሐሳቡ ልቧን ከፈለው። አባቷ ያለ ሥራ ምን እንደሚሆን ማሰብ እንኳ አልፈለገችም። ዓይን ልሁንልህ ማለት ደግሞ ቀላል ነበር። ግን እሷ የምታውቀው መብራት ነው፤ ከጎማው ውስጥ ሌላ ምን እንደቀረ በምን ታውቃለች? ትምህርት ቤት ሲከፈትስ?

ሾፌሩ እያፏጨ ገባ።

«አለቀ ወይስ ዛሬም ልትፎግሩኝ ነው?»

«አልቋል» አለ አባቷ፣ የመኪናውን ቁልፍ ከተሰቀለበት ሊያወርድ ወደ ጋራዡ እየተራመደ። ግድግዳውን ዳበሰ። ቁልፉ ሻማ እጅ ውስጥ ነበር።

«አላለቀም ጋሼ» አለች። «ለልጆቹ ሌላ መኪና ይፈልጉላቸው። ይሄን ሌላ መካኒክ ሳያየው አይወጣም።»

ሾፌሩ ፉጨቱን አቁሞ አባቷን አየው። አባቷ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ፤ ከፊቷ ምን ያህሉ እንደሚታየው ሻማ አታውቅም። ቁልፉን አምጪ ቢላት እንደማትሰጠው ግን ታውቃለች። ጣቶቿን ጨበጥ አደረገች።

አባቷ መሬት ላይ የተጋደመ ጎማ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ልክ ናት» አለ ለሾፌሩ። ከዚያ ስልኩን ከቱታው ኪስ አውጥቶ ወደ እሷ ዘረጋላት። «ለዚያ ለባለታክሲው ደውይለት። ሰሞኑን ፍሬኑን የሠራሁለት እኔ ነኝ። ካለበት እንዲያቆም ንገሪው።»

ሻማ ቁልፉን ኪሷ ከትታ ስልኩን ተቀበለችውና የባለታክሲውን ስም መፈለግ ጀመረች።