የአታሚው ወንድም ቅጣት

አታሚው ከማተሚያ ማሽኑ ሥር ወድቆ የተገኘው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ጭንቅላቱ ከብረቱ ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል፤ መዳፎቹ ጥቁር ቀለም እንደለበሱ ደርቀዋል። በዚያው ቀን በስምንት ሰዓት የፌዴራሉ ፍርድ ቤት የታናሽ ወንድሙን ቅጣት ሊወስን ቀጠሮ ይዟል። ታናሹ ሐሰተኛ ገንዘብ አትመሃል ተብሎ ጥፋተኛ ከተባለ ገና ሳምንቱ ነው።

ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት መርማሪ መጀመሪያ ሚስትየዋን አነጋገረች።

«ትናንት አመሻሽ ላይ መጥቼ ለመንኩት» አለች ሚስት።

«ምን ብለሽ?»

«ችሎት አትሂድ ብዬ። ገንዘቡን ያተመው ባሌ ነው። ወንድሙ ሁለት ኖት ይዞ ከመገበያየት በቀር ማሽን ነክቶ አያውቅም። ኖቱ የታተመበት ፕሌት ግን የተገኘው እሱ ክፍል ነው። ባሌ ወንድሙ ላይ የሚፈረደው ሦስት ዓመት መስሎት ዝም አለ። እውነቱን ሲሰማ፣ ነገ ችሎት ቆሜ እናገራለሁ አለ።»

እውነቱን የነገረው የታናሽየው ጠበቃ ነበር። «አርባ ውሳኔ አገላብጫለሁ» አለ፣ ቅጣቶቹን የመዘገበበትን ሠንጠረዥ እየዘረጋ። «ለተገበያየ ሦስት፣ ግፋ ቢል አራት ዓመት። ላተመና ለቆረጠ ግን ከአሥራ አምስት አይወርድም። ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አሳየሁት።»

«ሌላ ማን ነበር?»

«ወረቀት ቆራጩ። እሱም አነበበው።»

ቆራጩ የስልሳ አንድ ዓመት ሰው ነው፤ ግማሹን ዕድሜውን በመቁረጫው ማሽን ላይ ጨርሷል። «እኔ በአሥራ ሁለት ሰዓት ወጥቻለሁ። ሬሳውንም ያገኘሁት ጠዋት ስገባ ነው። ምንም ነገር አልነካሁም» አለ።

ወንፊት ከሬሳው አጠገብ ያለውን የወረቀት ክምር ትክ ብላ አየችው። ጠርዙ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሏል። አንድ በአንድ ስትገልጠው መሀል ላይ የቀለም መዳፍ አገኘች፤ ዝቅ ብሎ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ሦስቱንም ሰዎች ጠራቻቸው።

«ሟቹ ሲወድቅ ክምሩን ይዞ ነው የወደቀው» አለች። «ወረቀቱ ወለል ላይ ተበትኖ ነበር። ከሞተ በኋላ ሰው ሰበሰበው።»

«ማንም ሊሰበስበው ይችላል» አለ ጠበቃው።

«እስቲ እንሞክረው።»

ለእያንዳንዳቸው የተበታተነ ወረቀት ሰጠቻቸው። ሚስትየዋ እንደነገሩ ደራርባ አስቀመጠች። ጠበቃው ሁለቴ መታ መታ ቢያደርገውም ማዕዘኑ አልገጥም አለው። ቆራጩ ግን ወረቀቱን አራገበ፣ አየር አስገባበት፣ በሁለት ጎኑ ጠረጴዛው ላይ መታውና አስቀመጠው። ጠርዙ ቀጥ ብሎ ቆመ። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ፤ ሰውየው የገዛ እጁን ያየው ከጨረሰ በኋላ ነው።

«ተበትኖ ትቼው መሄድ አቃተኝ» አለ። «ገፋሁት እንጂ ልገድለው አላሰብኩም። በደመወዝ ተጣላን።»

«የተጣላችሁት በሠንጠረዡ ነው። ገንዘቡን የቆረጡት እርስዎ ነዎት፤ ችሎት ላይ ስምዎን ሊጠራ ነበር።»

«ስለ ገንዘቡ የማውቀው ነገር የለም።»

ሚስትየዋ እግሩ ላይ ወደቀች። «ጋሼ፣ ልጁ እጅዎ ላይ ነው ያደገው። ማሽን እንደማይነካ አንድ ቃል ይናገሩለት።»

ቆራጩ ፊቱን አዞረ። ጠበቃው ቀስ ብሎ ለወንፊት አስረዳት፤ ሳያስብ ገፍቶ ለገደለ ሰባት ዓመት ገደማ ነው፤ መቁረጡን ካመነ ግን ከሃያ ያልፋል፣ በዚህ ዕድሜው አይወጣም። ወንፊት ሁለት ሰዓት ሙሉ ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ እንደገና ለመነችው። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ሆነ። ማን እንደገደለ አውቃለች፤ ግን ማወቋ ለማንም የሚጠቅም አልሆነም።

ስምንት ሰዓት ሊሞላ ሲል፣ ታናሽየው ገና ሳይቀርብ፣ ዳኛው ቢሮ ገብታ ተናገረች። ዳኛው በትዕግሥት አዳመጧት።

«የሟቹ ቃል በጽሑፍ አለ?»

«የለም፣ ክቡር ዳኛ።»

«ቆራጩስ አምኗል?»

«ስለ ገንዘቡ አላመነም።»

«እንግዲያው የሚስቱ ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ» አሉና ወደ ችሎቱ ገብተው ቅጣቱን አነበቡ። አሥራ ስድስት ዓመት።

ታናሽየው ቅጣቱ ሲነበብ ዓይኑን ከበሩ ላይ አልነቀለም። የወንድሙን መሞት ማንም አልነገረውም። ፖሊሱ ክንዱን ሲይዘው ወደ ወንድሙ ሚስት ጎንበስ አለ።

«እትዬ፣ ወንድሜ መንገድ ተዘጋበት እንዴ? እመጣለሁ ብሎ በጠበቃው ልኮብኝ ነበር።»

«እየመጣ ነው» አለችው።