የከሰል መስመር

«ወላሂ በይ» አለች ቢልቂስ።

ፈትሂያ አላለችም። ያረረውን የንፍሮ ድስት በማንኪያ እየፋቀች አቀረቀረች።

«አልነካሁትም ካልሽ ምን ያስፈራሻል? ወላሂ በይና ይለይልን።»

«ለምድጃም ይማላል እንዴ?»

ለቢልቂስ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ከቦሩ ሜዳ ገጠር ለትምህርት የመጣችው ይህቺ የአጎቷ ልጅ ለረባውም ላልረባውም ወላሂ ትላለች። ዛሬ ምላሷን ምን ያዘው?

ምድጃው የቢልቂስ ኃላፊነት ነው። የከሰዓት ተማሪ ስለሆነች፣ ከመውጣቷ በፊት የብረት ምድጃውን በባሕር ዛፍ ፍልጥ ትሞላና ከሥር ያለችውን ተንሸራታች የአየር በር ጣት ብቻ እስክታስገባ ታጠብባታለች። በሯ ከጠበበች እሳቱ እያንቀላፋ እስከ ማታ ይቆያል፤ የደሴን ብርድ ይመልሳል፣ ንፍሮውንም ቀስ አድርጎ ያበስላል። ከሰፋች ግን ተንቦግቡጎ ፍልጡን ሁሉ ይጨርሰዋል። ሰሞኑን ቢልቂስ ስትመለስ የምታገኘው አመድ ነው። ከሰዓት ቤት የምትውለው ደግሞ የጠዋት ተማሪዋ ፈትሂያ ብቻ ናት።

እናቷ ሸሪፋም ከፒያሳ ሱቋ ስትመለስ የድስቱን ሥር አይታ ቁርጡን ተናገረች። «አንድ ቀን ቤቴን አቃጥላ ትጠብቀኛለች። ነገም እንዲህ ከሆነ ትምህርቱ ይቅርባት፤ ወደ አባቷ እመልሳታለሁ።»

ቢልቂስ ብዙም አልከፋትም። አልጋዋ ለሁለት ጠቧት ነበር።

በማግሥቱ የአየር በሯ ጫፍ ባረፈበት ቦታ፣ ብረቱ ላይ በከሰል ቀጭን መስመር አሰመረች። ፈተና ስለነበር ቶሎ ተለቀቁ። ከባጃጅ ወርዳ እየሮጠች ገባች።

በሯ ከመስመሩ አልፋ ወለል ብላ ተከፍታለች። እሳቱ ያጓራል። ፈትሂያ የለችም።

«ያዝኩሽ!» አለች ቢልቂስ ለባዶው ቤት። በሯን ገፍታ አጠበበችና ወጣች። ከአጥሩ ማዶ የፈትሂያ ድምፅ ተሰማት። ያውም ከእማማ አትጠገብ ግቢ! ሸሪፋና አሮጊቷ ክረምት ላይ በጎርፍ መውረጃ ቦይ ከተጣሉ ወዲህ ሰላምታ እንኳ የላቸውም።

ዘልቃ ስትገባ፣ ፈትሂያ የአሮጊቷ ከሰል ማንደጃ ላይ ተደፍታ እፍ ትላለች። አጠገቧ አመድ የያዘ ገል ተቀምጧል።

«ፍልጣችንን እዚህ ነው የምታግዢው?»

«ፍልጥ አልሰጠሁም! ፍም ነው።»

«ቀስ በይ ልጄ» አሉ እማማ አትጠገብ። «እጄ እየተንቀጠቀጠ ክብሪት መጫር አቃተኝ። ገል ይዤ ብመጣ ይቺ ልጅ ሰጠችኝ። አደራ፣ ለሸሪፋ እንዳትነግሪ ያልኳት እኔ ነኝ። ተጣልታ እሳት ለመነች ከምባል ብርዱ ይግደለኝ።»

ቢልቂስ ፈትሂያን በክንዷ ይዛ ወጣች። ቤት ሲገቡ መልሳ ጀመራት።

«አንቺ ፋራ! የአየር በሩን ለምን አትዘጊውም?»

«ሲጠብ ፍም የለውማ፤ ይጨሳል እንጂ። ስከፍተው ይቀላል። ከዚያ ገሉ ላይ እንዳይጠፋ እሮጣለሁ፤ አቀጣጥዬላቸው ስመለስ ፍልጡን አልቆ አገኘዋለሁ።»

«እምቢ አትያቸውም ነበር?»

ፈትሂያ ቢልቂስ ራሷ የገጠር ሰው የሆነች ይመስል በመገረም አየቻት። «እሳት ሊጭር የመጣን ሰው? ደመኛም ቢሆን ባዶ ገል አስይዘው አይመልሱትም።»

ሸሪፋ ስትገባ የመጀመሪያ ቃሏ «ዛሬም አሯል!» የሚል ነበር። «ማን ነው የከፈተው?»

ፈትሂያ የደብተር ቦርሳዋን አየች። ቢልቂስ ክሷን ሳምንቱን ሙሉ ስታዘጋጅ ነው የሰነበተችው።

«እማማ አትጠገብ እሳት ሊጭሩ መጡ» አለች። «እጃቸው ይንቀጠቀጣል። የለም ይባሉ ነበር?»

«አደራዬን!» ብላ ፈትሂያ ክንዷን ቆነጠጠቻት።

«አደራው ያንቺ ነው፤ እኔን ማንም አደራ አላለኝም።»

ሸሪፋ ድስቱን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

«የለምማ አይባልም» አለች በመጨረሻ፣ አሁንም እንደተቆጣች። «ግን ምድጃ እንዲህ በርግዶ ትቶ መሄድ አለ?»

ቢልቂስ ከምድጃው ሥር ተንበርክካ ነበር። ከቀድሞው መስመር ራቅ አድርጋ በከሰሉ ሌላ አሰመረች።

«ነይ እዪ» አለቻት ፈትሂያን። «ይሄ የእማማ አትጠገብ ነው፤ እስከዚህ ትከፍቺዋለሽ። ፍሙን ዛቅ ካደረግሽ በኋላ፣ ሳትሮጪ በፊት፣ ወደ መጀመሪያው መስመር ትመልሺዋለሽ።»