ከወይራው ሥር የተነሣው ድንጋይ

የሠዓሊ ማንያዘዋል አስከሬን የተገኘው ቁስቋም ባለው ግቢው፣ ብርሃን በማይገባበት የኅትመት ክፍሉ ውስጥ፣ ከድንጋይ ገንዳው ሥር ነበር። ሳጅን ባዬ የእጅ ባትሪውን ሲያወጣ የሟች ሚስት ኤልሳቤጥ ከበሩ ጮኸች።

«መብራት እንዳታበሩ! ስክሪኑ ይበላሻል!»

ወዲያው በራሷ ደንግጣ አፏን በነጠላዋ ያዘች። በስክሪኑ፣ በእንጨት ክፈፍ በተወጠረው ወንፊት መሰል ጨርቅ፣ የሚያትመው ሰው ሞቷል።

ኢንስፔክተር ሰርካለም ግን ባዬን በእጇ ከለከለችው። «ይቺ ቢጫ አምፖል ትበቃናለች።»

በግድግዳው ዙሪያ የታተሙ ጨርቆች ተሰቅለዋል፦ የቆርቆሮ አጥር፣ የድንጋይ ካብ፣ በእሾህ የተዘጋ መተላለፊያ። ማንያዘዋል የጎንደርን ሰፈሮች፣ ጎረቤትንም ከጎረቤት የሚለዩ አጥሮችን ዞሮ እያየ ያትም ነበር። ቅዳሜ ለሕዝብ ሊያሳይ ተዘጋጅቷል።

የገንዳው ጠርዝ ደም ነክቶታል። ከሬሳው አጠገብ፣ በወለሉ አቧራ ላይ፣ ጎን ለጎን ሁለት ክብ ምልክቶች አሉ። በጥቁር ጨርቅ ከተሸፈነው መስኮት ትይዩ አንድ ስክሪን ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሰርካለም ጎንበስ ብላ አየችው።

«ይሄ ለምን ጠቆረ?»

«ጠዋት መድኃኒት ቀብቶ ሊያደርቅ ያቆመው ነው» አለች ኤልሳቤጥ። «ብርሃን ካገኘው ይጠቁርና ይጠነክራል፤ ከዚያ ውኃ አያነሣውም። ብርሃን ያላገኘው ግን በውኃ ይታጠባል፤ ቀለም የሚያልፈው በዚያ ነው። ግን... አሁን መጥቆር አልነበረበትም።»

ከመሐሉ አንድ ስስ ነገር ሳይጠቁር ቀርቷል።

«መጥረጊያ ይመስላል» አለ ባዬ። «ጥፋተኛው ቤት ሊጠርግ መጥቶ ይሆናላ!»

ሰርካለም አልሳቀችም። ክፍሉ እንዳለ እንዲታሸግ አዘዘች።

በማግስቱ ማንያዘዋል ተቀበረ፤ ጎረቤቱ ባህሩ ታሰረ። በሞቱ ዋዜማ በአጥር ላይ «ድንጋዩን ካልመለስክ በድንጋይ ነው የምመልስልህ!» ሲል ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። ኤልሳቤጥም የባህሩ ቤተሰብ ለቅሶ እንዳይደርስ በሯን ዘጋች። ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

«ተናግሬዋለሁ» አለ ባህሩ፣ ጣቢያው ውስጥ። «የድንበሩን ድንጋይ እሱ ገፋ ብዬ ነው። እሱም አንተ ገፋህ ይለኛል። አብሮ አደጌ ነው እኮ! እንኳን ልገድለው፣ ሳልቀብረው ቀረሁ።»

የሦስት ሰዎች ግቢ በአንድ ድንጋይ ይገናኛል፦ የማንያዘዋል፣ የባህሩ፣ የአያ አዳሙ። ድንጋዩን ድሮ «የነቀለህ ይነቀል» ብለው የተከሉት ሽማግሌም አያ አዳሙ ናቸው። ሰርካለም ከደጃቸው ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ሸጋ ልጅ ነበር» አሉ። «ምነው እንዲህ አጥር አጥር ይላል እያልኩ እገረም ነበር።»

«የሞተ ዕለት ወደ እሱ አልሄዱም?»

«እኔ? ያን ክፍል ረግጬው አላውቅም ልጄ።» ጭራቸውን ወዝወዝ አደረጉ። «እዪ፣ ዝንብ እንኳ ለቅሶ አያከብርም!»

ሰርካለም በትከሻቸው ላይ አሻግራ ግቢያቸውን አየች። ከመሐሉ አንድ አሮጌ ወይራ ቆሟል።

በሠልስቱ፣ ባህሩ በፍርድ ቤት ከመቅረቡ በፊት፣ ሁሉንም በኅትመት ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። ባህሩ እጁ በካቴና ታስሮ ነበር። ኤልሳቤጥ ፊቷን አዞረችበት።

«ስክሪኑ ፀሐይ አግኝቶታል» አለች ሰርካለም። «መስኮቱን ማን ከፈተው?»

«ራሱ ይሆናላ» አለ ባዬ።

«እሱ በቁሙ አይከፍተውም» አለች ኤልሳቤጥ። «እኔ እንኳ ሻይ የማስገባለት አንኳኩቼ ነው።»

«እንግዲያው የተከፈተው እሱ ከወደቀ በኋላ ነው። በጠላትነት የገደለ ሰው ይሸሻል እንጂ መስኮት አይከፍትም። አያ አዳሙ፣ በአገራችን ሬሳ እንዴት ይጠበቃል?»

«በመብራት ነዋ» አሉ ሳያስቡት። «በጨለማ አይተውም።»

ሰርካለም ወደ መስኮቱ ጠቆመች።

«አዎ፣ አይተውም። ያ ሰው መስኮቱን ከፈተለት። ተንበርክኮም ጸለየ፤ በአቧራው ላይ ያለው የጉልበቱ ምልክት ነው። ለመንበርከክ በእጁ የያዘውን ስክሪኑ ላይ አስደገፈ። ሲወጣ መስኮቱን ዘጋ፤ ዕቃውንም አነሣ። ጥላው ግን ቀርቷል። ኤልሳቤጥ፣ እጠቢው።»

ኤልሳቤጥ ውኃ አፈሰሰችበት። የጠቆረው አልተነቃነቀም፤ ያልጠቆረው ታጥቦ ወረደ። መጀመሪያ እጀታው ታየ፣ ቀጥሎ የጠፍሩ ማንጠልጠያ፣ ከዚያ የፈረስ ፀጉር፣ አንድ በአንድ።

ሁሉም ወደ አያ አዳሙ እጅ ዞሩ። ሽማግሌው ጭራውን ጋቢያቸው ውስጥ ሊከቱት ጀምረው ተዉት።

ሰርካለም በቀይ ቀለም የታተመ ጨርቅ ዘረጋች። «ይህን ማንያዘዋል ያተመው ከአባቱ የሠርግ ፎቶ ላይ ነው። ያኔ የድንበሩ ድንጋይ ከወይራው ሥር ነበር። በዚህ ላይ የዛሬውን አጥር በጥቁር ሊደርብበት ነበር። ወይራው ዛሬ በማን ግቢ መሐል ነው ያለው?»

ባህሩ በቀስታ አንገቱን ቀና አደረገ። «በአያ አዳሙ። እሱም አልገፋ... እኔም አልገፋሁ።»

«ሽማግሌዬ ነዎት፣ መጀመሪያ ለእርስዎ ላሳይ ብሎ ጠራኝ» አሉ አያ አዳሙ። «አታሳየው ብዬ ለመንኩት። ለቅዳሜ ደርሷል አለኝ። ገፋሁት... መግፋት ብቻ ነው። ገንዳው ላይ ወደቀ፤ አልተነሣም። በጨለማ ትቼው መሄድ አቃተኝ።»

«እኔንስ አያ?» አለ ባህሩ። «እኔን የት ትተውኝ ሄዱ?»

ባዬ ካቴናውን ከባህሩ እጅ ፈታና ወደ ሽማግሌው ዞረ።

ባህሩ የእጁን አንጓ እያሻሸ ጥቂት ቆመ። ወደ ውጭ፣ ለቀስተኞች ወደ ተቀመጡበት ድንኳን አየ።

«ኤልሳ፣ ለቅሶ ልቀመጥ?»

እሷ ቀድማው ወጣች። ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠችና ፈቀቅ አለችለት።