በዓይን ሥር ያለ ገጽ

በአዲስ ሐይቅ ከተማ መጻሕፍት የሚታረሙት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሰው ሻዩን ይዞ መስኮቱ አጠገብ ሲቀመጥ፣ ትናንት «ጀግና» የተባለው ሰውዬ ዛሬ «ግለሰብ» ሆኖ ይጠብቀዋል፤ አዲስ ሚኒስትር የተሾመ ዕለት ደግሞ ምዕራፍ ሙሉ ሊጠፋ ይችላል። ማንም አይደነግጥም። መጽሐፍ በወረቀት መታተም ከቀረ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። አሁን የሚነበበው እንደ ጨርቅ በሚታጠፍ ስስ ሰሌዳ ላይ ነው፤ «ሕያው ቅጠል» ይሉታል፤ ቃሉን በየጠዋቱ ከማዕከል እየተቀበለ ያድሳል።

ስንዱ አባተ በአንድ ትልቅ አሳታሚ ድርጅት ዋና አርታኢ ናት። አርታኢ መባሏ ለወጉ ያህል ነው፤ ሥራዋ ማሽኑ ያረመውን ማጽደቅ ነው፣ በቀን አራት መቶ ገጽ። ላንብብ ብትል ጊዜው ከየት ይመጣል? እውነቱን ለመናገር ማንበብ ካቆመች ቆይታለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሰሌዳዋ ላይ ቀይ መብራት በራ። ስለ ታችኛው ሰፈር ጎርፍ የተጻፈ የቆየ መጽሐፍ ነው፤ ገጽ መቶ አሥራ ሁለት አልታረም ብሏል። መዝገቡን ወደ ኋላ ብትፈትሸው ጉድ ሆነባት፤ ገጹ ለአሥራ አንድ ዓመት አንዲት ፊደል አልተቀየረችበትም። ከሥሯ ያሉት ሠራተኞች «ጥቃቅን ብልሽት» እያሉ ሲያልፉት ኖረዋል።

አለቃዋ አቶ ገረመው ወሬውን ከላይ ሰምተውት ኖሮ ወዲያው ደወሉ።

«እስከ ስድስት ሰዓት ይታረም። ካልሆነ የሥራ ፈቃድሽን እኔም አላድነውም» አሏት።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልደከመችም። ማሽኑ አንድ ሰው እንኳ ዓይኑን የጣለበትን ገጽ በማንም ቅጠል ላይ አይነካም። ሠሪዎቹ የኛው አገር ሰዎች ናቸውና ሰው እያየ ቃሉን መለወጥ ነውር መስሎ ታያቸው፤ ዞር እስኪል ይጠብቅ ብለው አዘዙት። ከጀርባው ማድረግማ ምን ነውር አለው! እንግዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሆነ ሰው ዓይን ከዚያ ገጽ ላይ ሳይነሣ ኖሯል ማለት ነው። የአንባቢዎቹን ዝርዝር አወጣች። ሠላሳ ሁለት ሰዎች ሦስት ሦስት ሰዓት እየተቀባበሉ ያነባሉ። ገጹን ከፍቶ የያዘውን ማገድ ስለማይቻል ቀጣዩን አንባቢ፣ ደምመላሽ የሚባል ሰው፣ ለሙከራ አገደችው። ከዚያ አሁን እያነበበ ያለው ሰው አድራሻ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ስለነበር በእግሯ ሄደች።

የልብስ ስፌት ቤት ነው። ወይዘሮ አሰገደች የተባሉ አሮጊት ቅጠሉን ከስፌት መኪናው ጋር አስደግፈው አፍጥጠውበታል።

«ግቢ ልጄ፤ ቀና ብዬ ባላይሽ አትቀየሚኝ። ማሽኑ ዓይን ማርገብገብ ይፈቅዳል፣ ዞር ማለት ነው የማይፈቅደው።»

«ከአሳታሚው ነው የመጣሁት። ምንድን ነው እንዲህ የሚያነቡት?»

«ስም። ስልሳ አንድ ሰው። በጎርፉ ጊዜ ከላያችን ያለውን ግድብ ሳያስጠነቅቁ ሲከፍቱት ያለቁብን ናቸው። ማሽናችሁ ‹መጠነኛ ጉዳት ደረሰ› ሊለው ይፈልጋል።»

«ለራሳችሁ ወረቀት ላይ ብትጽፉትስ?»

«እኛማ በቃላችን እናውቃቸዋለን። የማያውቃቸው ሰው ሲገልጥ እንዲያገኛቸው ነው እንጂ። ተራ ገባን፣ እንደ ማኅበር። አንድም ቀን ተረኛ ጎድሎ አያውቅም። ዛሬ ግን ደምመላሽን ገጹ አልከፈት ብሎታል፤ የእሱንም ተራ እኔው ይዣለሁ።»

የስንዱ ፊት በእፍረት ጋለ። «ያገድኩት እኔ ነኝ» አለች።

አሮጊቷ ዓይናቸውን ከገጹ አልነቀሉም። ቁጣ ጠብቃ ነበር።

«እንግዲያው አንቺው ያዢው» አሉ። «ሽንቴ ሊያመልጠኝ ነው።»

ስንዱ ተጠግታ ዓይኗን ገጹ ላይ ጣለች። ወይዘሮ አሰገደች ያኔ ብቻ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና ወደ ጓዳ ገቡ።

መጀመሪያ የሙያ አመሏ ተነሣባት። ሥርዓተ ነጥቡ የተዘበራረቀ፣ ድግግሞሽ የበዛበት ጽሑፍ ነው፤ ለእሷ ቢመጣ ኖሮ ግማሹን ትቆርጠው ነበር። «ይርጋለም ጫኔ፣ ዳቦ ጋጋሪ። ወንድሙ ሸጋው ጫኔ፣ እሱን ሊያወጣ ገብቶ። እልፍነሽ ቱሉ፣ አዋላጅ። ስም ያልወጣላት ሕፃን፣ የዘጠኝ ቀን።» እዚያ ላይ ቆመች። ዓይኗ እንባ ሞላ። ልትጠርገው እጇን አነሣችና መለሰችው፤ በመዳፏ ብትሸፍነው ማሽኑ ዞር አለች ይላል። እንባው በጉንጯ ወረደ፤ ፊደሎቹ እየደበዘዙ፣ ደግሞ እየጠሩ ታዩዋት።

ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ ጮኸ። አቶ ገረመው ናቸው፤ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ነው። እንድትዋሽ ወይም አንድ ቃል እንድትጽፍ የጠየቃት የለም። ፊቷን ለቅጽበት ብታዞር ሌላውን ሁሉ ማሽኑ ይጨርስላታል፣ ፈቃዷም ይተርፋል። ስንት ሺህ ገጽ እንዲህ ፊቷን አዙራ እንዳጸደቀች አሰበችና አዘነች።

ወይዘሮ አሰገደች እጃቸውን በቀሚሳቸው እያደራረቁ ተመለሱ።

«በይ ስጪኝ ልጄ። ስልክሽ ጮኸ እኮ፣ አንሺው።»

«ትንሽ ይታገሡኝ እማማ» አለች ስንዱ፣ ቀና ሳትል። «ገና አንብቤ አልጨረስኩም።»