የሳውናው ጭስ መውጫ

ዶክተር ኡርሆ ላምፔላ የሞተው በእንጨት እሳት በሚሞቀው የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ሳውናው ውስጥ፣ የላይኛው አግዳሚ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ጉንጩ ቀልቶ ጤነኛ ይመስላል። መርማሪ ሲርካ ሆንካሳሎ ግን ያንን ቅላት ታውቀዋለች፤ የፍም ጭስ የገደለው ሰው መልክ ነው። እሳቱ ሳይጠፋ የጭስ መውጫውን የዘጋ ሰው አለ ማለት ነው።

ሲርካ ጡረታዋ ተቃርቧል። የኡርሆ ቤት ወዳለበት ደሴት ያመጣቻት ጀልባ ወገቧን ቆርጣታለች፣ የሰው ለቅሶ ማየትም ሰልችቷታል።

በቤቱ ያደሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የሟች ሚስት ሄልቪ፣ ታናሽ ወንድሟ አናጢው ቶርስቲ፣ እንደ ኡርሆ የእጅ ቀዶ ሐኪም የሆነው ባልደረባው ሪስቶ። ሦስቱም ቀድመው ታጥበው ወጥተዋል፤ ኡርሆ እንደ ልማዱ ብቻውን ቀርቷል። የጭስ መውጫው መዝጊያ ያለው ከውጭ፣ በልብስ መቀየሪያው ክፍል ነው።

ሄልቪ ሳትጠየቅ ተናገረች። «እኔ ነኝ። እሳቱ ሲጠፋ ሙቀቱ እንዳይወጣ ሁልጊዜ የምዘጋው እኔ ነኝ። ደክሞኝ የእንቅልፍ ኪኒን ውጬ ነበር፣ አላስታውስም። ግን ሌላ ማን ይዘጋዋል?»

ሲርካ ቃሏን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ሴትዮዋ ይህን ዕድሜ ልኳን ተሸክማው ልትኖር ነው፤ ያልሠራችው ከሆነ ደግሞ ትልቅ ግፍ ነው።

ሪስቶ ማታ ከኡርሆ ጋር መጨቃጨቁን አልደበቀም። የጠቡ ምክንያት የቶርስቲ እጅ ነበር። አምና መስታወት የቀኝ እጁን አንጓ ሲቆርጠው፣ ኡርሆ ቆዳውን ብቻ ሰፍቶ፣ ነርቩ ተቀጥቅጦ ነው እንጂ አልተቆረጠም፣ በራሱ ይነቃል ብሎት ነበር።

«ያኔውኑ ከፍቶ ማየት ነበረበት» አለ ሪስቶ። «የተቆረጠ ነርቭ ቶሎ ካልተሰፋ ጡንቻው ይሞታል። ብነግረው ‹ስለ ሚስቴ ወንድም እጅ አንተ ልታስተምረኝ ነው?› አለኝ።»

ቶርስቲ ወጥ ቤት ቡና ይጠጣል። የቀኝ አውራ ጣቱ ሥር ያለው ሥጋ ሟሽሾ ጎድጉዷል። ኩባያውን የያዙት አውራ ጣቱ፣ ጠቋሚውና የመሃል ጣቱ ውሃ ቋጥረዋል። ሲርካ ምን እንዳቃጠለው ስትጠይቀው፣ እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አየው።

«እንጃ» አለ። «የቡናው ማፍያ ይሆናላ።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ሲርካ ማፍያውን አየች፤ ወደ ልብስ መቀየሪያው ሄዳም የመዝጊያውን ትንሽ የብረት እጀታ በባትሪ አበራችበት። ከዚያ ሦስቱንም ሳሎን ሰብስባ እጃችሁን ጠረጴዛው ላይ አድርጉልኝ አለቻቸው።

«መዝጊያው የተገፋው እሳቱ ሳይጠፋ ነው፤ ስለዚህ እጀታው ይፋጅ ነበር» አለች በደከመ ድምፅ። «እጀታው የሚያዝበትን ወፍራም ጓንት ደግሞ ኡርሆ እንጨት ሊጨምርበት ይዞት ገብቷል፤ አጠገቡ አገኘነው። የዘጋው ሰው በባዶ እጁ ነው የዘጋው። ሄልቪ፣ አንቺ ብትነኪው ጮኸሽ ትለቂው ነበር፤ የእንቅልፍ ኪኒን ይህን ሕመም አያስችልም። ሪስቶም እንደዚያው። የሁለታችሁም እጅ ደህና ነው። እጀታው ላይ ግን ቆዳ ተላጦ ቀርቷል። የኔም ነርቭ አንጓዬ ላይ ታንቆ ጣቶቼ ሲደነዝዙ ምድጃ አቃጥሎኝ ሳላውቅ ቀርቻለሁ። የማፍያው እጀታ እንጨት ነው፣ ቶርስቲ። የተቃጠሉብህም የማይሰሙህ ጣቶች ብቻ ናቸው።»

ቶርስቲ አልካደም። «መዶሻ መያዝ አልችልም» አለ። «እሱ ግን በመጣሁ ቁጥር ታገሥ ይለኛል። እኔም አምኜው እጠብቃለሁ። ጊዜው ማለፉን የሰማሁት ትናንት እሱና ሪስቶ ሲጨቃጨቁ ነው።»

«ከጠዋት ጀምሮ እኔ ገደልኩት እያልኩ ሳለቅስ አጠገቤ ነበርክ» አለች ሄልቪ።



ሲርካ ካቴናውን ስታወጣ ሄልቪ ቆይ አለቻት። ቅባትና ፋሻ አምጥታ የወንድሟን ጣቶች አንድ በአንድ ጠቀለለች። «ያመረቅዛል» አለች፣ ለሲርካ። ቶርስቲ ሊናገር አፉን ሲከፍት ዝም በል አለችው። ጠቅልላ ስትጨርስ እጁን አንስታ ለመርማሪዋ ሰጠቻት።