ከቦርሳ የወጣው ሳህን

ሳህኑ በልምምዱ ላይ አልነበረም። ቃሪያ ከቦርሳዋ አንድ የፕላስቲክ ሳህንና ስፖንጅ አውጥታ የመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ፣ ሚጣ «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ብላ አሰበች እንጂ ምንም አልጠረጠረችም።

የባዮሎጂው መምህር ለየቡድኑ አንድ አንድ ርዕስ ሰጥተው «አታንብቡልኝ፤ ተጫውታችሁ አሳዩኝ» ብለው ነበር። ለእነ ሚጣ የደረሳቸው ረሃብና ጥጋብ ነው። ክርክር የማይሰለቸውና በዚሁ የተነሳ «ጠበቃ» የሚባለው ልጅ ግሬሊንን ሆነ፤ ጨጓራ ባዶ ሲሆን ወደ አንጎል ሄዶ «ራበን!» የሚለውን ሆርሞን። ሚጣ ሌፕቲንን ሆነች፤ ከሰውነት ስብ ተነስቶ «ስንቅ አለን፣ ይበቃል» የሚለውን። ሁለቱንም የሚያዳምጠው አንጎል ደግሞ ቃሪያ ነበረች። ቃሪያ የተባለችው ምላሷ ስለሚያቃጥል ነው። ለሚጣ ግን ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ የተጋራቻት የልብ ጓደኛዋ ናት።

በልምምዱ ላይ አንጎል ከኪሱ የሌለ ብስኩት እያወጣ ነበር የሚበላው። ዛሬ ግን ቃሪያ ለክፍሉ ጀርባዋን ሰጠች። የሌለ ቧንቧ ከፍታ «ሽሽሽ» አለችና ሳህኑን በስፖንጅ መፈተግ ጀመረች። ከዚያ በትከሻዋ ላይ ወደ በሩ ሰረቅ አድርጋ አየችና ከሳህኑ የሌለ ትራፊ አንስታ አፏ ውስጥ ጎሰረች።

«ሽሽሽ... ውሃው ይውረድ፣ ማኘኬ እንዳይሰማ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሚጣ ክው አለች።

ይህ የእሷ ምስጢር ነው። እናቷ «አፍን መግታት ነው እንጂ ለውፍረት ሌላ መድኃኒት የለውም» ስለምትላት ቁርስ ትታለች፤ ምሳዋንም ለጓደኞቿ አድላ ባዶ ዕቃ ይዛ ትመለሳለች። ራት ላይ ሁለት ማንኪያ ቀምሳ «ጠገብኩ» ትላለች። ከዚያ ዕቃ ልታጥብ ማድ ቤት ትገባና፣ ቧንቧውን ከፍታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የታናሽ ወንድሟን ትራፊ ቆማ ትበላለች። ይህን በሕይወቷ የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ያን ቀን ቃሪያ አብራት አልቅሳ «ሆዴ ይፍጀው፤ ከእኔ አይወጣም» ብላት ነበር።

አባቷ «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ሲል ለሽማግሌዎች ብቻ የተተረተ ይመስላት ነበር።

ማንም ወደ እሷ አላየም። በሩ ቅርብ ነው፤ ወጥታ መሄድ ትችላለች። ከወጣች ግን ያን ጊዜ በእርግጥ ያውቃሉ።

«ሌፕቲን! ተራሽ ነው» አሉ መምህሩ፣ እሳቸውም በሳቅ እንባ ያረጠቡትን መነጽር እየጠረጉ።

የድራማው ጽሑፍ ላይ የሚጣ ድርሻ አጭር ነው። «ይበቃል! ይበቃል!» ብላ ትጮሃለች፣ አንጎል ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መብላቱን ይቀጥላል፣ ይሳቃል፣ ያልቃል። ሚጣ አፏን ከፈተች፤ «ይበቃል» የሚለው ግን አልወጣ አላት። ዘወር ብላ ጠበቃን አየችው።

«አንተ ከጠዋት ጀምሮ ስትጮህ ነው የዋልከው አይደል?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ጽሑፉ ላይ የለም። ጠበቃ ግን ጥያቄ ካገኘ መልስ አያጣም። «እንዴታ! ቁርስ የለ፣ ምሳ የለ! ጉሮሮዬ እኮ ተሰነጠቀ!»

«እኔ ደግሞ» አለች ሚጣ፣ «ሰውየው መብላት ሲተው ቶሎ እቀንሳለሁ፤ ስቡ ገና ሳይቀንስ። አንጎል የእኔ ድምፅ ሲጠፋበት ‹ድርቅ መጣ› ብሎ ይደነግጣል። ማታ ምግብ ሲያይ የማያስችለው ለዚህ ነው። ሆዳም ሆኖ አይደለም። ሥራው ነው፤ ሰውየውን ማትረፍ።»

ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ።

«እና ለምን ተደብቆ ይበላል?» አለ ከኋላ ወንበር አንዱ።

ሚጣ ቃሪያን አየቻት። «እሱ የሆርሞን ሥራ አይደለም። ስለሚሳቅበት ነው።»

ቃሪያ ስፖንጁን እንደጨበጠች ቀረች። መምህሩ ማጨብጨብ ጀመሩ፣ ክፍሉም ተከተለ። ለሚጣ ጭብጨባው ምኗም አልነበረም፤ ሆድ ብሷት ነበር።

ደወሉ ሲደወል ቃሪያ ኮሪደሩ ላይ ሮጣ ደረሰችባት።

«ኧረ አታካብጂ! ማንም አላወቀም እኮ። ስምሽን ጠራሁ?»

«አልጠራሽም።»

«ታዲያ? ሙድ የያዝኩብሽ መሰለሽ? ድራማው ደርቆ ነበር፤ ትንሽ ላስቅ ብዬ ነው። እንዴት እንደሳቁ አላየሽም?»

«አየሁ።» ሚጣ ቦርሳዋን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረች። «ሳህኑን ከቤትሽ ነው ያመጣሽው?»

«አዎ። ምነው?»

«ስትይዢው እኔ ትዝ አላልኩሽም?»

ቃሪያ ጫማዋን ማየት ጀመረች። ሚጣን ያንገበገባት የሳህኑ ነገር ነበር። ወሬ ከአፍ ያመልጣል፤ ማንንም ያጋጥማል። ሳህን ግን አያመልጥም። ተመርጦ፣ ቦርሳ ውስጥ ተከቶ፣ መንገዱን ሁሉ በጀርባ ታዝሎ ነው የሚመጣው።

«ተጣላን ማለት ነው?» አለች ቃሪያ በቀጭን ድምፅ።

«እኔ እንጃ» አለች ሚጣ። እውነቷን ነው፤ አታውቅም። ሁልጊዜ አብረው የሚሄዱበትን መንገድ ያን ቀን ብቻዋን ሄደችው።

ራት መኮሮኒ ነበር። ሚጣ እንደ ልማዷ ሁለት ማንኪያ ቀመሰችና «ጠገብኩ» አለች። አባቷ የማታ ተረኛ ስለሆነ ወጣ፣ ወንድሟ ግማሹን ትቶ ወደ ጨዋታው ሮጠ። ልብስ ሰፊዋ እናቷም ጥጉ ላይ ወዳለው የስፌት መኪናዋ ተመለሰች። የምትሰፋው የሚጣን ዩኒፎርም ነው፤ ወገቡን ልታሰፋው።

ማድ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተች። የወንድሟ ሳህን ከላይ ነበር። እጇ ወደ ትራፊው ሲዘረጋ ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነዘረ። «ይቅርታ በቃ። አናግሪኝ» ይላል። ከቃሪያ ነው። አንብባ ሳትመልስ ስልኩን መደርደሪያው ላይ ደፋችው። ውሃው ይወርዳል፤ ዓይኗ ግን ክፍል ውስጥ የተከፈተውን ያንን የሌለ ቧንቧ ነበር የሚያየው። ነገም ሌላ ሰው ሊከፍተው ይችላል። እሷ እስከደበቀችው ድረስ ማንም ሊጫወትበት ይችላል።

ቧንቧውን ዘጋች። ቤቱ ጭር አለ።

ንጹህ ሳህን አወረደችና ከድስቱ መኮሮኒ ጨለፈች። ሳሎን ገብታ እናቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ እናቷ እግሯን ከመኪናው ፔዳል ላይ አነሳች።

«ጠገብኩ አላልሽም እንዴ?»

«ዋሽቼሽ ነው እማዬ። ከጠዋት ጀምሮ ርቦኛል። ማታ ማታ ዕቃ ሳጥብ የምበላው ትራፊ ነው።»

እናቷ ሳህኑን አየች፣ ቀጥላ ጭኗ ላይ ያለውን ዩኒፎርም አየች።

«ቀዝቅዟል እኮ» አለች በመጨረሻ። «ላሙቅልሽ?»

«ይሁን፣ ይበላል» አለች ሚጣ። ሳትቸኩል አኘከች። ውሃም አይወርድ፣ መኪናውም አይሰፋ፤ ማኘኳ ይሰማ ነበር።