የአውራ ጣት ፕላስተር

ሹራቡ ጭንቅላቷ ላይ ተሰንቅሮ ቀረ። አንድ እጇ ገብቷል፣ ሌላው የት እንደገባ እግዜር ይወቀው። ክርኗ የሽንት ቤቱን በር ሲደበድበው ጊዜ ውጭ ወረፋ የያዘች ሴትዮ በማታውቀው ቋንቋ አንድ ነገር አለቻት። «መጣሁ፣ መጣሁ!» ብላ በራሷ ቋንቋ መለሰች፤ ምን ታድርግ፣ ሰው ሲጨንቀው ሌላ አይመጣለትም። ቢጫውን ሹራብ አውልቃ ቀዩን እስክትለብስ ላብ በላብ ሆነች።

ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣችባት ታላቅ እህቷ እታለም ናት። ዛሬ ጠዋት አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ አስገብታ፣ ሌላውን እየፈለገች፣ ቦርሳውን ወረወረችላት።

«ሦስት ሹራብ አድርጌልሻለሁ። ቢጫው፣ ቀዩ፣ ከዚያ ሰማያዊው። በየሁለት ቦታው እየቀየርሽ ፎቶ ትነሻለሽ።»

«የፋሽን ትርኢት ነው እንዴ?»

«ለእማዬ ነዋ! በየቀኑ ይዤሽ ስወጣ የሰነበትኩ ይምሰላት።» ከማቀዝቀዣው ላይ አንድ ወረቀት ላጥ አድርጋ ሰጠቻት። ሰባት ቦታዎች ከነአውቶቡሳቸው ቁጥር ተጽፈውበታል። «ቅደም ተከተሉን እንዳትነኪ፣ መንገዱ ይጠመዘዝብሻል። የአውቶቡሱ ቲኬት ደግሞ ለዛሬ ብቻ ነው የሚሠራው።»

«አንቺስ? ዛሬ እረፍቴ ነው ብለሽ አልነበር?»

«ነበር። አንዷ ታመመችና ተጠራሁ።» ዳቦዋን በጥርሷ እንደያዘች በሩን ዘግታው ወጣች። አለቀ።

ልጅቷን ቤተሰቡ ሁሉ ጩጬ ነው የሚላት፤ የመጨረሻ ልጅ ናት። አሥራ ስድስት ሞልቷት፣ ቁመቷ እናቷን አልፎ ሄዶ እንኳ ስሙ አልለቀቃትም። ለእረፍት ሁለት ሳምንት እታለም ዘንድ ትክረም ተብሎ ነው በአውሮፕላን ተጭና የመጣችው። አመጣጧ ግን ለሽርሽር ብቻ አልነበረም። ከቤት በምትወጣበት ጠዋት እናቷ እጇን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባቻትና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«በስልክ ‹ደህና ነኝ› ብቻ ነው የምትለኝ። አራት ዓመት ሙሉ ‹ደህና ነኝ›! አንቺ በዓይንሽ እይልኝ። ተመችቷት ከሆነ ልቤ ይረፍ። ካልተመቻት ደግሞ ነይ እላታለሁ፤ ቤቷ እኮ ነው። ብቻ እንዳትዋሺኝ።»

እንግዲህ ጩጬ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በስልክ «አሪፍ ነው፣ አሪፍ ነው» እያለች ስታድበሰብስ ከረመች። እናቷ በሐሳቧ እታለምን የሆቴል እንግዳ መቀበያ ጋ አቁማታለች፤ ከአንገቷ ላይ ሻርፕ፣ ከደረቷ ላይ የስም ምልክት። እታለም ግን የምትሠራው ከሆቴሉ ምድር ቤት፣ አንሶላ ማጠቢያው ክፍል ነው። ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፣ ስትመለስ እጅና ፊቷ በእንፋሎት ቀልቶ ነው። ቢሆንም ጩጬ ራሷን ታጽናናለች፦ ሥራ ነው፣ ሥራ ደግሞ ያደክማል፤ ቢያንስ በእረፍት ቀኗ ወጣ ትላለች፣ ፎቶዎቹ አሉ።

ፎቶዎቹ ሰባት ናቸው። በአራት ዓመት ውስጥ ሰባት፣ በየተወሰነ ወሩ አንድ አንድ እያለ የመጡ። እታለም በሰዓት ማማው ሥር፣ እታለም በቤተ መንግሥቱ ደረጃ ላይ፣ በፏፏቴው፣ በድልድዩ። እናታቸው አሳትማ የቁም ሳጥኑ መስታወት ላይ ለጥፋቸዋለች። አዲስ ፎቶ በመጣ ቁጥር የእታለም ግራ አውራ ጣት በፕላስተር ታሽጎ ይታያልና እናታቸው ሁሌ «ደግሞ ቆረጠችው! ይቺ ልጅ እስከመቼ ነው ቢላ መያዝ የማትማረው?» ትላለች። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። የእታለም አውራ ጣት የቤቱ መሳቂያ ሆኖ ቀረ።

ጩጬ ዛሬ ያሰበችው እነዚያኑ ቦታዎች በየተራ ዞራ፣ እህቷ በቆመችበት ቆማ ፎቶ መነሳት ነው። ጥሩ ሐሳብ ይመስል ነበር። የሰዓት ማማውን አየች። ቤተ መንግሥቱ ደርሳ፣ ደረጃው ላይ ከተነሳች በኋላ ነው ሽንት ቤት ገብታ ከሹራቡ ጋር የታገለችው። ፏፏቴው ጋ ስትደርስ ውሃ የለውም፤ ሁለት ሠራተኞች ቦት ጫማ አጥልቀው ወለሉን ይፍቃሉ። ድልድዩ ላይ ነፋሱ ፀጉሯን አፏ ውስጥ ከተተላት፤ ፎቶ ያነሳቻት መንገደኛ እየሳቀች ስልኩን መለሰችላት።

ስልኳ ጮኸ። መልእክት የላከችው የክፍል ጓደኛዋ ናት፤ አንድ ነገር ሰምታ ሳትናገር ስለማታድር «ሬዲዮ» ይሏታል።

«አንቺ! ፎቶ የታለ? እኔ እዚህ ሒሳብ ሳጠና ደርቄ ልቀር ነው፣ አንቺ ፈታ በይ!»

«ፈታ ብያለሁ» ብላ ጻፈችላት። ይህን ስትጽፍ ተረከዟ ተልጦ ካልሲዋ ላይ ተጣብቆ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሽርሽር ማለት ይከብዳል። አውቶቡስ መጠበቅ፣ መሳፈር፣ መውረድ፣ ቶሎ ቶሎ ሰው ለምኖ ፎቶ መነሳት፣ ደግሞ አውቶቡስ። ስድስተኛው ቦታ የአትክልት ሥፍራ ነበር፤ ምን ምን አበባ እንደነበረው ብትጠየቅ አታውቅም። በደንብ ያየችው የአውቶቡስ ቁጥር ብቻ ነው። ከድልድዩ በኋላ ሰማያዊውን ሹራብ መልበስ ነበረባት፤ እጇን ማንሳት አቃታትና ተወችው።

ሰባተኛው ጉብታው ነው። ከተማው ሁሉ ከላይ የሚታይበት፣ ደረጃው የማያልቅ ጉብታ። እየቆመች፣ እያቃሰተች፣ «ምን በወጣኝ!» እያለች ወጣችው። ጫፉ ላይ አንድ የድንጋይ መቀመጫ አለ። ጫማዋን አውልቃ ዘፍ አለችና የእህቷን ፎቶ ከስልኳ ከፈተች። እታለም እዚሁ መቀመጫ ላይ፣ እግሯን ከሥሯ አጥፋ፣ አገጯን በእጇ ደግፋ ከተማውን ትመለከታለች። እናታቸው ይህንን ፎቶ ከሁሉም ትወደዋለች። «ስታስብ ታምራለች» ትላለች።

ጩጬ እግሯን አጠፈች። አገጯን በእጇ ደገፈች። ያን ጊዜ ገባት፤ እንዲህ የሚቀመጥ ሰው እያሰበ አይደለም። አንገቱ ጭንቅላቱን አልሸከም ሲለው ነው።

ፎቶውን አጎላችው። የፕላስተሩ ጠርዝ ተላቅቆ ጠቁሯል። ወረቀቱን አወጣችና በቅደም ተከተሉ እየተከተለች ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ከፈተች። ማማው ሥር ፕላስተሩ ንጹሕ ነው። ቤተ መንግሥቱ ደረጃ ላይ ጫፉ ላይ ትንሽ ነጥብ አለች። ድልድዩ ላይ ነጥቧም አለች፣ አንዱ ጥግ ደግሞ ተነሥቷል። ሹራቡ ይለያያል፣ ሻርፑ ይለያያል። ጣቱ ግን አንድ ጊዜ ነው የተቆረጠው። ፈገግታዋም እንደ ፕላስተሩ ነው፤ ማማው ሥር ሙሉ ነበር፣ ጉብታው ላይ ሲደርስ አልቋል።

በአራት ዓመት አንድ ቀን!

በዚያ ጣት ስንት ስቀናል፣ አለች በልቧ። ፎቶ ሳትነሳ ጫማዋን አጥልቃ ወረደች።

እታለም አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን በሆቴሉ የጀርባ በር ወጣች። ጩጬን ስታያት ደነገጠች።

«ምነው፣ ጠፋብሽ እንዴ?»

«አልጠፋብኝም። ልውሰድሽ ብዬ ነው።»

«አይ ጩጬ፣ አድገሻል!» እየሳቀች ትከሻዋን ያዘቻት፤ አያያዟ ግን መደገፍ ነበር። የአውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የእታለም ቀኝ የእጅ አንጓ ላይ ካውያ ያቃጠለው አዲስ ቦታ አለ።

«እታለም፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ነው አይደል የተነሳሽው?»

አንድ መኪና አለፈ፣ ሌላ አለፈ።

«ቲኬቱ የአንድ ቀን ነበራ» አለች በመጨረሻ። ልትስቅ ሞከረች። «ለእማዬ እንዳትነግሪያት። ደስ ብሏት ነው የምትኖረው። የዛሬዎቹንም ከፋፍለሽ ላኪላት፤ አንዱን ዛሬ፣ አንዱን ከነገ ወዲያ። አብረን ወጣን በያት፣ እሺ?»

ጩጬ ለመመለስ አፏን ስትከፍት ጭንቅላት ትከሻዋ ላይ ወደቀ። እታለም ዓረፍተ ነገሯን እንደጨረሰች እንቅልፍ ይዟት ሄዷል።

የጩጬ ስልክ ተንቀጠቀጠ። እማዬ ናት።

«እህስ! እንዴት ዋላችሁ? የት የት ወሰደችሽ?»

ጩጬ ፎቶዎቹን አሰበች። በቢጫው አሉ፣ በቀዩ አሉ። አንዱን መላክ የጣት ሥራ ነው።

«ቀስ በይ እማዬ፣ ተኝታለች» አለች በሹክሹክታ።

«በዚህ ሰዓት? አመማት እንዴ?»

«አላመማትም። ደክሟታል።»

ከወዲያ በኩል የሚፈስስ የቧንቧ ውሃ ይሰማ ነበር። ቧንቧው ተዘጋ።

«በጣም?»

«በጣም።» የእህቷን ጭንቅላት ትከሻዋ ላይ አመቻቸችው። «ፎቶውን ለጊዜው ተዪው። ስትነቃ ራሷ ትደውልልሻለች። ‹ደህና ነኝ› ካለችሽ ግን ስልኩን እንዳትዘጊው፣ እማዬ። ቆየት ብለሽ ደግመሽ ጠይቂያት።»

የእናቷ ድምፅ ቀጠነ።

«እዚያ ብርድ ነው?»

«ትንሽ።»

«አልብሻት እንግዲህ።»

ጩጬ ትከሻዋን ሳታንቀሳቅስ በአንድ እጇ ቦርሳውን ጎረጎረችና ያልተለበሰውን ሰማያዊ ሹራብ አወጣች። እህቷ ላይ ጣል አደረገችው፤ የተቃጠለውን አንጓዋን እንዳይነካው እጅጌውን አጠፈችው። የእነሱ አውቶቡስ መጥቶ ቆመ፣ በሩን ከፈተ። ሹፌሩ ጠበቃቸው። ጩጬ በእጇ ሂድ አለችው።